በሥዕል በሚዘጋጁ ፕሮግራሞች የሥራ ቅደም ተከተልን የሚወስነው ሽቦው እንጂ ቦታው አይደለም

እ.ኤ.አ ኦገስት 14 ቀን 2003 (ነሐሴ 8 ቀን 1995 ዓ.ም) ከሰዓት በኋላ በስምንት የአሜሪካ ግዛቶችና በካናዳዋ ኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት የኤሌክትሪክ ኃይል በድንገት ተቋረጠ። በአደጋው 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ያለ መብራት የቀሩ ሲሆን፤ የተቋረጠው ኃይል 61 ሺህ 800 ሜጋ ዋት እንደሚደርስ የሁለቱ አገሮች መንግሥታት ያቋቋሙት የጋራ ግብረ ኃይል ባወጣው ሪፖርት አመልክቷል።

የአደጋው መንስኤዎች በርካታ ናቸው። ከከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ መስመሮች ሥር ያደጉ ዛፎች በወቅቱ አለመቆረጣቸው አንዱ ነው። ይሁንና በኦሃዮ ግዛት በሚገኝ አንድ የመቆጣጠሪያ ማዕከል የማስጠንቀቂያ ሶፍትዌሩ ምንም ምልክት ሳይሰጥ ሥራ አቁሞ ነበር። ተረኛ ሠራተኞቹ ማስጠንቀቂያው መቆሙን ከአንድ ሰዓት በላይ ሳያውቁ መቆየታቸው ችግሩን አባብሶታል። በኋላ በተካሄደው የሶፍትዌር ምርመራ እንደተረጋገጠው፤ ሁለት የፕሮግራሙ ክፍሎች አንድን መረጃ በአንድ ቅጽበት ለመጻፍ በመሻማታቸው ፕሮግራሙ ማለቂያ በሌለው ዙር ውስጥ ገብቶ ቀርቷል።

ያ ሶፍትዌር የተዘጋጀው በተለመደው በጽሑፍ በሚሠራ የፕሮግራም ቋንቋ ነበር። ከአደጋው የተገኘው ትምህርት ግን ለማንኛውም ዓይነት ፕሮግራም ያገለግላል። የትኛው ሥራ ቀድሞ፣ የትኛው ተከትሎ እንደሚከናወን በግልጽ ካልተወሰነ ውጤቱ በአጋጣሚ ላይ የተመሠረተ ይሆናል። ይህ ጉዳይ ፕሮግራሙ በመጻፍ ሳይሆን በመሳል በሚዘጋጅባቸው ዘዴዎች ላይ የተለየ ትኩረት ይሻል። ምክንያቱም በሥዕል የተዘጋጀ ፕሮግራም ለዓይን ግልጽ ስለሚመስል፤ በውስጡ ያለው የቅደም ተከተል ጉድለት በቀላሉ አይታይም።

ሥዕላዊ ፕሮግራሚንግ ምንድን ነው?

ሥዕላዊ ፕሮግራሚንግ የሚባለው ትእዛዞችን በመስመር በመስመር ከመጻፍ ይልቅ፤ እያንዳንዱን ሥራ የሚወክሉ ትናንሽ ሳጥኖችን በኮምፒዩተር ገጽ ላይ በማስቀመጥና መረጃ የሚተላለፍባቸውን መስመሮች በመካከላቸው በመዘርጋት ፕሮግራም የማዘጋጀት ዘዴ ነው። ሳጥኖቹ ኖድ፣ መስመሮቹ ደግሞ ሽቦ ይባላሉ። ሽቦው እውነተኛ ሽቦ ሳይሆን መረጃ ከአንዱ ኖድ ወደ ሌላው የሚሄድበትን መንገድ የሚያሳይ ሥዕል ነው።

የሐሳቡ መነሻ ሩቅ ነው። ዊሊያም ሰዘርላንድ የተባሉ ተመራማሪ በአሜሪካ በሚገኘው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ በ1966 ባቀረቡት የመመረቂያ ጥናት የኮምፒዩተር ሥራን በሥዕል መግለጽ እንደሚቻል አሳይተዋል። ዘዴው በኢንዱስትሪና በቤተ ሙከራ በስፋት እንዲታወቅ ያደረገው ግን መቀመጫውን በቴክሳስ ግዛት ኦስቲን ከተማ ያደረገው ናሽናል ኢንስትሩመንትስ የተሰኘው ኩባንያ እ.ኤ.አ በ1986 ለማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ያቀረበው ላብቪው የተባለ ሶፍትዌር ነው። ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ የሆኑት ጄፍ ኮዶስኪ የላብቪው አባት በመባል ይታወቃሉ። ኩባንያው እ.ኤ.አ በ2023 በኤመርሰን ተጠቃሏል።

ላብቪው መሣሪያዎችን ለመለካት፣ ለመፈተሽና ለመቆጣጠር በዓለም ዙሪያ ያገለግላል። በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ላይ የሚገኘው ሰርን የተባለው የአውሮፓ የምርምር ማዕከል በግዙፉ የቅንጣት ማፍጠኛ ላይ የጨረራውን ዳር የሚገድቡ መሣሪያዎችን አቀማመጥ ለመቆጣጠር ይኸንኑ ሶፍትዌር መርጧል።

ፋብሪካዎችን በሚያንቀሳቅሱ ፒ ኤል ሲ በተባሉ መቆጣጠሪያዎች ላይም በሥዕል የሚዘጋጁ ቋንቋዎች የተለመዱ ናቸው። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን እ.ኤ.አ በ1993 ባወጣው 61131-3 በተሰኘው ደረጃ ውስጥ የመሰላል ሥዕልና የፋንክሽን ብሎክ ሥዕል ከታወቁት ቋንቋዎች መካከል ተካተዋል። በኢትዮጵያ የሚገኙ ዘመናዊ ፋብሪካዎችም በእነዚህ መቆጣጠሪያዎች ይጠቀማሉ።

ሰነዱ ሳይሟላ ሥራው አይጀመርም

የላብቪውና የመሰል ሶፍትዌሮች ዋነኛ መርህ የመረጃ ፍሰት ይባላል። መርሁ ሁለት ነጥቦችን ይይዛል። አንደኛ፣ አንድ ኖድ ሥራውን የሚጀምረው የሚያስፈልጉት መረጃዎች በሙሉ ሲደርሱት ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ውጤቱን ለሌሎች የሚያስተላልፈው ሥራውን ሙሉ በሙሉ ሲያጠናቅቅ ነው።

ይህ አሠራር ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ እንግዳ አይደለም። የተገዛ ዕቃ ክፍያ ሲጠየቅ የሒሳብ ሠራተኛው የግዥ መጠየቂያው፣ የሻጩ ደረሰኝና የዕቃ ገቢ ማድረጊያው ሞዴል 19 አንድ ላይ ተሟልተው ሳይቀርቡለት ክፍያ አይፈጽምም። ሁለቱ ሰነዶች ቀርበው ሦስተኛው ቢጎድል ፋይሉ ጠረጴዛው ላይ ይቆያል። ክፍያው እንዲፈጸም የሚያደርገው የሰዓት መድረስ ወይም የሠራተኛው ወንበር አቀማመጥ አይደለም። ወሳኙ የሰነዶቹ መሟላት ነው።

በተመሳሳይ ሁኔታ፤ አንዱ የሌላውን ሰነድ የማይጠብቁ ሁለት የሥራ ክፍሎች በአንድ ጊዜ መሥራት ይችላሉ። በመረጃ ፍሰት የሚሠራ ፕሮግራምም በሽቦ ያልተገናኙ ኖዶችን ጎን ለጎን ሊያከናውን ይችላል። የዘመኑ ኮምፒዩተሮች በርካታ የማስሊያ ክፍሎች ስላሏቸው ይህ ባሕርይ ሥራን ለማፋጠን ከፍተኛ ጠቀሜታ አለው። የስህተት ምንጭ የሚሆነውም ይኸው ባሕርይ ነው።

ከግራ ወደ ቀኝ የሚለው ግምት

አማርኛም ሆነ እንግሊዝኛ ከግራ ወደ ቀኝ የሚነበቡ በመሆናቸው ጀማሪ ፕሮግራም አዘጋጆች በግራ በኩል ያለው ሳጥን ቀድሞ ይሠራል ብለው ይገምታሉ። ሥዕልን ከግራ ወደ ቀኝ መዘርጋት ለአንባቢ የሚመች መልካም ልማድ ቢሆንም ለኮምፒዩተሩ ግን ትእዛዝ አይደለም። በሁለት ኖዶች መካከል በቀጥታም ሆነ በሌሎች ኖዶች በኩል የሚያልፍ ሽቦ ከሌለ የትኛው እንደሚቀድም ዋስትና የለም።

ለአብነት የአንድ የውሃ ማሰራጫ ጣቢያን ፕሮግራም መመልከት ይቻላል። ፓምፑ ከመነሳቱ በፊት ውሃ የሚገባበት ቫልቭ መከፈት አለበት። ቫልቩ ተዘግቶ ሳለ ፓምፑ ቢነሳ ያለ ውሃ በደረቁ ስለሚሽከረከር የውስጥ ክፍሎቹ ይግላሉ፤ ይበላሻሉም። ፕሮግራም አዘጋጁ «ቫልቭ ክፈት» የሚለውን ኖድ በግራ፣ «ፓምፕ አስነሳ» የሚለውን በቀኝ አስቀምጦ በመካከላቸው ሽቦ ባይዘረጋ፤ ሥዕሉ ለዓይን ትክክል ይመስላል። በሙከራ ወቅትም ቫልቩ እየቀደመ ሊሠራ ይችላል። ከወራት በኋላ አንድ ተጨማሪ ኖድ ሲገባ ወይም ፕሮግራሙ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ሲዛወር ግን ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ ስህተት አደገኛ የሚሆነው ሁልጊዜ ስለማይታይ ነው።

ቅደም ተከተልን የማስጠበቅ ዘዴዎች

ተመራጩ ዘዴ ቅደም ተከተሉ ከመረጃው በራሱ እንዲመነጭ ማድረግ ነው። የቫልቩ ኖድ «ሙሉ በሙሉ ተከፍቻለሁ» የሚል ከመሣሪያው የተረጋገጠ መረጃ የሚያወጣ ከሆነና ፓምፑን የሚያስነሳው ኖድ ይህንኑ መረጃ የሚጠብቅ ከሆነ፤ ፓምፑ ቀድሞ የሚነሳበት መንገድ አይኖርም። በዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ጉዳይ አለ። ቫልቩ እንዲከፈት ትእዛዝ መላኩና ቫልቩ መከፈቱ አንድ አይደሉም። ሽቦው ሊያስተላልፍ የሚገባው የትእዛዙን መላክ ሳይሆን የመከፈቱን ማረጋገጫ ነው።

በኖዶቹ መካከል የሚተላለፍ የተፈጥሮ መረጃ በማይኖርበት ጊዜ የስህተት ሽቦ ጥቅም ላይ ይውላል። በላብቪው ይህ ሽቦ ሦስት ነገሮችን ይይዛል። እነርሱም ስህተት መኖር አለመኖሩ፣ የስህተቱ መለያ ቁጥርና ስህተቱ የተፈጠረበት ቦታ ናቸው። ሽቦው ከኖድ ወደ ኖድ ሲተላለፍ ቅደም ተከተልን ያስጠብቃል። በተጨማሪም አንድ ኖድ ስህተት ሲያጋጥመው ተከታዮቹ አብዛኛውን ጊዜ ሥራቸውን ትተው መልእክቱን ወደ ፊት ያሳልፋሉ። ጉድለት የተጻፈበት ፋይል በየጠረጴዛው ሳይፈጸም አልፎ ለውሳኔ ሰጪው እንደሚደርስ ማለት ነው። በአንጻሩ መሣሪያን የመዝጋትና ፓምፕን የማቆም ሥራዎች ስህተት ቢኖርም መፈጸም ስላለባቸው ከዚህ ደንብ ውጭ ሆነው መዘጋጀት ይኖርባቸዋል።

ሦስተኛው ዘዴ የተከታታይ ሥራ መዋቅር ነው። ይህ መዋቅር እንደ ፊልም ክፍሎች ተራ በተራ የሚፈጸሙ ፍሬሞችን ይይዛል። ዘዴው ቀላል ቢሆንም ገደብ አለው። መዋቅሩ አንዴ ከተጀመረ እስከ መጨረሻው ፍሬም ሳይደርስ በመሀል አይወጣም። በመሆኑም አስቸኳይ ማቆም በሚያስፈልጋቸው ሥራዎች ላይ ረጅም ተከታታይ መዋቅር መጠቀም አይመከርም። ለእነዚህ ሥራዎች ስቴት ማሽን የተባለው አሠራር ይመረጣል። በዚህ አሠራር ፕሮግራሙ «ዝግጁ»፣ «ቫልቭ በመክፈት ላይ»፣ «ፓምፕ በሥራ ላይ»፣ «ቆሟል» በሚሉ ሁኔታዎች ይከፋፈላል። ከእያንዳንዱ ሁኔታ በኋላ ቀጣዩ የሚወሰነው በወቅቱ በደረሰው መረጃ ነው።

ቅደም ተከተልን ለማስጠበቅ ለጥቂት ሰከንዶች እንዲጠበቅ ማድረግ ግን መፍትሔ ሊሆን አይችልም። ዛሬ በአራት ሰከንድ የሚከፈት ቫልቭ ሲያረጅ ሰባት ሰከንድ ሊፈጅበት ይችላል። አምስት ሰከንድ ብቻ የሚጠብቅ ፕሮግራም ያን ዕለት ቫልቩ ሳይከፈት ፓምፑን ያስነሳል።

በአንድ መዝገብ ላይ የሚደረግ ሽሚያ

በሥዕላዊ ፕሮግራሞች መረጃን ያለ ሽቦ ከቦታ ቦታ ማስተላለፍ የሚቻልበት መንገድም አለ። ይህም በርካታ የፕሮግራሙ ክፍሎች የሚያነቡትና የሚጽፉበት የጋራ ቫሪያብል ነው። የጋራ ቫሪያብል ሥዕሉን ከሽቦ ብዛት የሚያቃልል ቢሆንም ቅደም ተከተልን የሚያስጠብቀውን ሰንሰለት ይበጥሳል።

የጉዳቱን ምንነት ከዕቃ ግምጃ ቤት ሥራ መረዳት ይቻላል። በመጋዘን ውስጥ 100 ኩንታል ማዳበሪያ አለ። አንዱ ሠራተኛ በሞዴል 19 ገቢ የሆነ 30 ኩንታል፣ ሌላው ሠራተኛ ደግሞ በሞዴል 22 ወጪ የሆነ 20 ኩንታል በአንድ የሒሳብ ካርድ ላይ ሊመዘግቡ ይመጣሉ። ሁለቱም ካርዱን በአንድ ጊዜ ተመልክተው 100 የሚለውን ቁጥር ይይዛሉ። የመጀመሪያው 130 ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛው በእጁ ከያዘው 100 ላይ 20 ቀንሶ የመጀመሪያውን በመሰረዝ 80 ብሎ ይጽፋል። ትክክለኛው ቀሪ 110 ሆኖ ሳለ ካርዱ 80 ያሳያል። የጽሑፉ ቅደም ተከተል ቢገለበጥ ደግሞ 130 ይሆን ነበር። ከሁለቱ ሠራተኞች አንዳቸውም የመደመርም ሆነ የመቀነስ ስህተት አልፈጸሙም። የጠፋው ተራ ነው።

ባለሙያዎች ይህን ችግር የእሽቅድምድም ሁኔታ ብለው ይጠሩታል። መፍትሔውም በግምጃ ቤት ከሚታወቀው የተለየ አይደለም። ካርዱ አንድ ኃላፊ ብቻ ሊኖረው፣ ሌሎች ሁሉ ጥያቄያቸውን ለእርሱ ሊያቀርቡ ይገባል። በላብቪው ይህ በወረፋ ይፈጸማል። የተለያዩ ክፍሎች መልእክቶቻቸውን በወረፋው ላይ ያስቀምጣሉ፤ አንድ ተቀባይ ደግሞ በመጡበት ተራ እያነሳ ያስተናግዳቸዋል። ማንበብ፣ ማስላትና መጻፍ ሳይነጣጠሉ በአንድ ኖድ ውስጥ ብቻ እንዲፈጸሙ ማድረግም ሌላው መንገድ ነው።

በሉፕ ውስጥ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

ኖድ ውጤቱን የሚያወጣው ሥራውን ሲጨርስ ነው የሚለው መርህ ሥራን ደጋግሞ በሚፈጽመው ሉፕ ላይም ይሠራል። ሉፑ እስኪቆም ድረስ በድንበሩ በኩል የሚወጣ ሽቦ ምንም መረጃ አያስተላልፍም። ወደ ውስጥ የሚገባ ሽቦም እንዲሁ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሉፑ ሲጀመር ይነበባል። «አቁም» የሚለው ቁልፍ ከሉፑ ውጭ ተቀምጦ በሽቦ ወደ ውስጥ ቢገባ፤ ኦፕሬተሩ ቁልፉን ደጋግሞ ቢጫንም ሉፑ አይቆምም። ቁልፉ መቀመጥ ያለበት በየዙሩ እንዲነበብ በሉፑ ውስጥ ነው።

ከአንዱ ዙር ወደ ቀጣዩ መረጃ ለማሻገር ሺፍት ሬጅስተር የተባለው መዋቅር ያገለግላል። ለዚህ መዋቅር መነሻ ዋጋ ካልተሰጠ ፕሮግራሙ በማስታወሻ ላይ እስካለ ድረስ ካለፈው ሥራ የተረፈውን ቁጥር ይዞ ይጀምራል። የዛሬው የውሃ ልኬት ከትናንቱ ድምር ላይ ቢቀጥል የሚቀርበው ሪፖርት የተሳሳተ ይሆናል።

ሥዕላዊ ቋንቋዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም

በሥዕል መዘጋጀታቸው ቢያመሳስላቸውም ቋንቋዎቹ ቅደም ተከተልን የሚወስኑበት መንገድ ይለያያል። በፒ ኤል ሲ የመሰላል ሥዕል ላይ መቆጣጠሪያው መግቢያዎቹን ያነባል፤ እርከኖቹን ከላይ ወደ ታች ያስኬዳል፤ በመጨረሻም መውጫዎቹን አድሶ ዙሩን እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ በመሰላል ሥዕል ላይ ቦታ ትርጉም አለው። አንድን እርከን ከላይ ወደ ታች ማዛወር የፕሮግራሙን ውጤት ሊለውጥ ይችላል።

የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ በ2007 ለሕፃናትና ለወጣቶች ይፋ ያደረገውና አማርኛን ጨምሮ በበርካታ ቋንቋዎች የሚሠራው ስክራች ደግሞ ብሎኮችን እንደ ጡብ አንዱን በሌላው ሥር ያያይዛል። በአንድ ረድፍ ያሉ ብሎኮች ከላይ ወደ ታች በተራ ይፈጸማሉ። በአረንጓዴው ባንዲራ በአንድነት የሚነሱ የተለያዩ ረድፎች ግን ጎን ለጎን ስለሚሄዱ፤ አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ ከተፈለገ መልእክት ልኮ የሚጠብቀውን ብሎክ መጠቀም ያስፈልጋል። በመሆኑም በአንዱ ቋንቋ የሠለጠነ ባለሙያ ወደ ሌላው ሲሸጋገር የቅደም ተከተሉን ደንብ አስቀድሞ ሊያጣራ ይገባል።

ከኃላፊዎች የሚጠበቀው

አውቶማቲክ መቆጣጠሪያ የሚያስገዙና የሚረከቡ መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች ፕሮግራም አዘጋጅ መሆን አይጠበቅባቸውም። ሆኖም ጥቂት ጥያቄዎችን ማንሳት ይችላሉ።

አንደኛ፣ ርክክቡ ከመሣሪያው በተጨማሪ ሊከፈትና ሊነበብ የሚችለውን የፕሮግራሙን ሥዕል ማካተቱ ሊረጋገጥ ይገባል። ሥዕሉ በሌለበት ጉድለትን መርምሮ ማረም አስቸጋሪ ነው።

ሁለተኛ፣ ለአደጋ የሚያጋልጡ ሥራዎች፣ ማለትም የትኛው ከየትኛው በፊት መፈጸም እንዳለበት የሚገልጽ ዝርዝር በጽሑፍ ሊዘጋጅና እያንዳንዱ ቅደም ተከተል በሥዕሉ ላይ በየትኛው ሽቦ እንደተጠበቀ አቅራቢው ሊያሳይ ይገባል። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሠራው» የሚለው መልስ በቂ አይደለም።

ሦስተኛ፣ የርክክብ ሙከራው ሁሉም ነገር በተሟላበት ሁኔታ ብቻ መወሰን የለበትም። ቫልቩ ሲዘገይ፣ የመረጃ መስመር ሲቋረጥ፣ ሁለት ትእዛዞች በአንድ ጊዜ ሲመጡ ፕሮግራሙ ምን እንደሚያደርግ መታየት አለበት። ላብቪው መረጃ በሽቦ ውስጥ ሲሄድ በዝግታ የሚያሳይ የመከታተያ ዘዴ አለው። ዘዴው ለማስተማርና ስህተት ለመፈለግ ጠቃሚ ቢሆንም የፕሮግራሙን ፍጥነት ስለሚቀንስ የእሽቅድምድም ሁኔታን ሊሰውር ይችላል። የመጨረሻው ሙከራ በመደበኛው ፍጥነት መካሄድ ይኖርበታል።

አራተኛ፣ የጋራ ቫሪያብሎች ካሉ እያንዳንዱን የመጻፍ ሥልጣን ያለው የፕሮግራሙ ክፍል የትኛው እንደሆነ መታወቅ አለበት። ከአንድ በላይ ጸሐፊ ያለው ቫሪያብል ከአንድ በላይ ኃላፊ እንዳለው የገንዘብ ሳጥን ይቆጠራል።

በመጨረሻም፣ የማስጠንቀቂያ ሥርዓቱ ራሱ ሥራ ቢያቆም ይህን የሚያሳውቅ ሌላ መንገድ መኖሩ ሊረጋገጥ ይገባል። በኦሃዮው መቆጣጠሪያ ማዕከል የነበሩት ሠራተኞች የተታለሉት በሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ አልነበረም። በማስጠንቀቂያው ዝምታ ነበር። በሥዕል በተዘጋጀ ፕሮግራም ውስጥም በሁለት ሳጥኖች መካከል ሊኖር ሲገባው ያልተዘረጋ ሽቦ እንዲሁ ድምፅ የለውም። ስለሆነም በርክክብ ወቅት የተሳለውን ብቻ ሳይሆን ሳይሳል የቀረውንም አብሮ መመርመር ያስፈልጋል።